የባትሪ ዕድሜ በዙር ብዛት አይለካም

አዲስ የባትሪ ኤሌክትሮድ (ቻርጅ ከሚያከማቹት ሁለት የባትሪ ምሰሶዎች አንዱ) ተሠራ ሲባል ዜናው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ቁጥር ነው፤ 3000 ዙር፣ 5000 ዙር፣ አንዳንዴም 10,000 ዙር። ዙር ማለት ባትሪውን አንድ ጊዜ ሞልቶ አንድ ጊዜ ማራገፍ ነው። አንባቢም በቀን አንድ ዙር ብሎ ያሰላና 3000 ዙር ከስምንት ዓመት በላይ መሆኑን አይቶ ይደሰታል። ኤሌክትሮዱ በምን ፍጥነት እንደተሞላ፣ በምን ሙቀት ውስጥ እንደቆየ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሌላው ኤሌክትሮድ ምን እንደሆነና ምን ያህል ትርፍ ሊቲየም እንደተሰጠው ካልተነገረ ግን ቁጥሩ ስለ ባትሪው ዕድሜ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩ በተመራማሪዎች መካከል ያለ ክርክር ሆኖ ቢቀር ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ ነበር። አሁን ግን እርጅናን መለካት የሕግ ጉዳይ ሆኗል። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሽከርካሪ ደንቦችን የሚያጣጥመው የዓለም መድረክ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀው ቁጥር 22 ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደንብ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ እስከ 5 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ከመነሻው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን፣ እስከ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ደግሞ 70 በመቶውን ይዞ እንዲገኝ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ሕግም ከ2027 ጀምሮ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ስለ ጤንነቱ መረጃ የያዘ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው ያስገድዳል። አምራቹ ዛሬ የሚገባው ቃል ከዓመታት በኋላ ይጠየቅበታል ማለት ነው። ምርቱን ገበያ ለማውጣት ስምንት ዓመት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ደግሞ የለም፤ የጥቂት ወራት ሙከራ ስለ ብዙ ዓመታት እንዲመሰክር ይፈለጋል። ጣጣው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ምን እንደሚያረጅ እንይ። በተለመደው የሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ አኖዱ፣ ማለትም አሉታዊው ኤሌክትሮድ፣ በስስ የመዳብ ፎይል ላይ የተቀባ ግራፋይት ነው። ካቶዱ፣ ማለትም አዎንታዊው ኤሌክትሮድ፣ በአሉሚኒየም ፎይል ላይ የተቀባ፣ ሊቲየም ያለበት ውሁድ ነው፤ ለምሳሌ ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ወይም የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ኦክሳይድ። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው አተሞች) ከካቶዱ ወጥተው በሁለቱ መካከል ባለው አዮን አስተላላፊ ፈሳሽ፣ በኤሌክትሮላይቱ፣ በኩል ወደ ግራፋይቱ ንብርብሮች ይገባሉ፤ ሲራገፍ ይመለሳሉ። ሶኒ ይህን ዓይነቱን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ለዚህ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ምልልሱ እንከን የለሽ ቢሆን ኖሮ ባትሪ አያረጅም ነበር። እንከኑ ያለው አኖዱ ላይ ነው። የተሞላ ግራፋይት ቮልቴጁ ከንጹሕ ሊቲየም ብረት በ0.1 ቮልት ገደማ ብቻ ይበልጣል፤ በዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ኤሌክትሮላይቱ ሳይበላሽ መቆየት አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙሌት ጊዜ ይፈራርስና ፍርስራሹ ከሊቲየም ጋር ተዋህዶ በግራፋይቱ ገጽ ላይ በናኖሜትር የሚለካ ስስ ልባስ ይሠራል። ኢማኑኤል ፔለድ እ.ኤ.አ. በ1979 የዚህን ልባስ ምንነት ከገለጸ ወዲህ የባትሪ ሳይንስ ትልቅ ክፍል በእሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ልባሱ ባለውለታ ነው፤ አዮን እያሳለፈ ኤሌክትሮን ስለሚያግድ የኤሌክትሮላይቱን መፍረስ ያዘገየዋል። ሆኖም ጨርሶ አያቆመውም። ቀስ እያለ ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይጠገናል፤ በእያንዳንዱ ጥገናም ጥቂት ሊቲየም እዚያው ታስሮ ይቀራል። በታሸገ ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም ካቶዱ ይዞት የመጣው ብቻ ስለሆነ የታሰረውን የሚተካ የለም።

ሌሎችም የእርጅና መንገዶች አሉ። የካቶዱ ቅንጣቶች አዮን ሲወጣና ሲገባ እየተነፈሱና እየሰፉ ይሰነጠቃሉ፣ ከፊላቸውም ከፎይሉ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይቋረጣል። ማንጋኒዝን የመሰሉ ብረቶች ከካቶዱ ሟሙተው አኖዱ ላይ በማረፍ ልባሱን ይረብሻሉ። የውስጥ ሬዚስታንስ (ለከረንት ፍሰት ያለው ተቃውሞ) ያድጋል። ባትሪው በብርድ ወይም ከመጠን በላይ በሆነ ፍጥነት ሲሞላ ደግሞ ሊቲየሙ ወደ ንብርብሮቹ መግባቱ ቀርቶ በግራፋይቱ ገጽ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው፤ አቅም ይበላል፣ ውሎ አድሮም በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን መለያ ወግቶ ሁለቱን በቀጥታ በማገናኘት ሾርት ሰርኪት ሊፈጥር ይችላል።

አሁን ወደ ሙከራው እንግባ። የአዲስ ኤሌክትሮድ የመጀመሪያ ፈተና የሚካሄደው በሳንቲም ሴል፣ ማለትም ሳንቲም በሚመስል አንድ ትንሽ ባትሪ፣ ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ሲአር2032 የተባለው መጠን ሲሆን ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሴሉ የሚገጠመው በአርጎን ጋዝ በተሞላ፣ ሠራተኛው እጁን በረጃጅም የጎማ ጓንቶች በሚያስገባበት የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው። የኤሌክትሮላይቱ ጨው እርጥበት ሲነካው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስለሚያመነጭ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃና ኦክስጅን ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች መሆን አለበት።

ስህተት ሾልኮ የሚገባው ገና ከሚዛኑ ላይ ነው። ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ማይክሮ ሜትር የሆነ ክብ የመዳብ ፎይል 10 ሚሊ ግራም ያህል ይመዝናል። በላዩ የተቀባው ግራፋይት ግን 5 ሚሊ ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። የግራፋይቱን ክብደት የምናገኘው ከጠቅላላው ላይ የፎይሉን ቀንሰን ስለሆነ፣ የፎይሉ ውፍረት ከቦታ ቦታ በ2 በመቶ ቢለያይ የ0.2 ሚሊ ግራም ስህተት ይመጣል፤ ይህም ከግራፋይቱ ክብደት 4 በመቶ ነው። የግራፋይት ቲዎሪያዊ አቅም በግራም 372 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። «360 አገኘሁ» የሚል ተመራማሪና «372 አገኘሁ» የሚል ሌላው በፎይላቸው ብቻ ተለያይተው ሊሆን ይችላል። አንድ ሴል ብቻ ለክቶ በውጤቱ ላይ ሙሉ መደምደሚያ መገንባት ስለዚህ ነው የማያስኬደው። ሦስት አራት ተመሳሳይ ሴሎች ተሠርተው የልዩነታቸው ስፋት አብሮ መታተም አለበት። ብዙ ጽሑፎች ግን አሁንም ከሁሉ ያማረውን አንዱን ሴል ብቻ ያሳያሉ፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ፈተና ፊት ለፊት የሚቀመጠው ኤሌክትሮድ ነው። በአብዛኛው የሳንቲም ሴል ውስጥ የሚፈተነው ኤሌክትሮድ የሚገጥመው ንጹሕ የሊቲየም ብረት ነው፤ ይህ ግማሽ ሴል ይባላል። ውፍረቱ 200 ማይክሮ ሜትር የሆነ የሊቲየም ፎይል በካሬ ሴንቲ ሜትር 40 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ሊቲየም ይይዛል። የሚፈተነው ኤሌክትሮድ የሚያስፈልገው ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ስለዚህ ልባሱ በየዙሩ ሊቲየም ቢበላም ፎይሉ ከትርፉ ይተካዋል፤ አቅሙም ሳይነቃነቅ ይታያል። ምንጭ ሥር የተቀመጠ እንስራ ቀዳዳ ቢኖረውም ሙሉ ሆኖ እንደሚታይ ነው። ያው ኤሌክትሮድ ካቶድ ገጥሞት፣ የተወሰነ ሊቲየም ብቻ ባለበት ሙሉ ሴል ውስጥ ሲገባ በጥቂት ደርዘን ዙር ሊወድቅ ይችላል።

ግማሽ ሴል ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ቁስ ምን ያህል ሊቲየም እንደሚይዝ፣ በስንት ቮልት እንደሚሠራ፣ የመጀመሪያው ዙር ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሚተካው የለም። የዕድሜ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ነው ስህተቱ። የሚገርመው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫም ማሳሳቱ ነው፤ የሊቲየም ፎይሉ ራሱ በየዙሩ እየሻከረ ኤሌክትሮላይቱን ይጨርሳል፣ ሬዚስታንሱም ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ምንም ባላደረገው ኤሌክትሮድ ላይ ይለጠፋል።

ታዲያ ዙር ከመቁጠር ምን ይሻላል? እኔ ቅድሚያ የምሰጠው በሙሉ ሴል ውስጥ ለሚለካ የኩሎምብ ብቃት ነው፤ ይኸውም በማራገፍ የወጣው ቻርጅ በመሙላት ለገባው ቻርጅ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ሆኖ ውጤቱ ያስደነግጣል። በየዙሩ 99.9 በመቶ ሊቲየም ቢመለስ እጅግ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን 0.999 ሺህ ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚቀረው 37 በመቶ ብቻ ነው። 99.99 በመቶ ቢሆን ከ1000 ዙር በኋላ 90 በመቶው ይኖራል። ከ1000 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅም የሚፈልግ ሰው በየዙሩ 99.978 በመቶ ያህል ያስፈልገዋል። ሁሉም ኪሳራ የሊቲየም ኪሳራ ስላልሆነ ስሌቱ በቀጥታ ዕድሜን አይሰጥም፤ ከፊሉ ቻርጅ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ በሚፈጠሩ ሌሎች ምላሾች ይባክናል። ቢሆንም ሴሎችን ከደህና እስከ ደካማ ለመደርደር ከዚህ የተሻለ ፈጣን መንገድ አላውቅም።

ፈተናው ልኬቱ ራሱ ነው። በ99.95 እና በ99.98 መካከል ያለው ልዩነት የባትሪውን ዕጣ ይወስናል፤ ተራ የመፈተኛ መሣሪያ ግን ይህን ልዩነት በእርግጠኝነት አይለይም። በካናዳ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የጄፍ ዳን ቡድን ከረንትን፣ ጊዜንና ሙቀትን እጅግ ጥብቅ አድርጎ በመቆጣጠር የኩሎምብ ብቃትን በ0.01 በመቶ ደረጃ የሚለዩ መሣሪያዎችን ገንብቷል። ሙቀት ለምን እንዲህ ይጠበቃል ቢባል፣ ሙቀቱ ባልተስተካከለ ክፍል ውስጥ የተፈተነ ሴል የአቅም ግራፍ ላይ ቀንና ሌሊት እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ሲሉ በዓይን ይታያሉ። የክፍሉ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር የኤሌክትሮዱ ንባብም አብሮ ይለወጣል። ግራፉ ላይ እንዲህ ያለ ማዕበል ካያችሁ ሙከራው የሙቀት መቆጣጠሪያ ሳጥን እንዳልነበረው ጠርጥሩ።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ጊዜ ነው። ፍጥነት በ«ሲ» ይለካል፤ 1ሲ በአንድ ሰዓት መሙላት ወይም ማራገፍ ነው፣ 10ሲ በስድስት ደቂቃ። በ10ሲ ሞልቶ በ10ሲ የሚያራግፍ ሙከራ 1000 ዙሩን በ200 ሰዓት፣ ማለትም በስምንት ቀን ከምናምን ይጨርሳል። ሦስት ሰዓት እየሞላ ሦስት ሰዓት የሚያራግፍ ሙከራ ደግሞ ለዚያው 1000 ዙር 250 ቀን ይፈጃል። ሁለቱም «1000 ዙር» ተብለው ይታተማሉ። ልባሱ ግን የሚያድገው ባትሪው ቢሠራም ባይሠራም ነው፤ ለዚህ ነው መደርደሪያ ላይ ሞልቶ የተቀመጠ ባትሪም የሚያረጀው። የስምንት ቀኑ ሙከራ ልባሱ ለማደግ ጊዜ ሳያገኝ ያልቃል። ላይ ላዩን ፈጣኑ ሙከራ ጨካኝ ይመስላል፤ ለዚህ ዓይነቱ እርጅና ግን እጅግ የዋህ ፈተና ነው። በዚያ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሴሉ የቮልቴጅ ወሰኑን ቶሎ ስለሚነካ ኤሌክትሮዱ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላና ሳይራገፍ ይመላለሳል።

በመሆኑም ቁም ነገረኛ የእርጅና ጥናት ሁለት ዓይነት ሴሎችን ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ የሚመላለሱ ሴሎችንና ተሞልተው ዝም ብለው የሚቀመጡ ሴሎችን፣ ያውም በተለያየ ሙቀት። ሙቀት ሲጨምር ኬሚካዊ ምላሾች ስለሚፈጥኑ በ40 እና በ55 ዲግሪ የተገኘው ውጤት ስለ 20 ዲግሪ ዓመታት ፍንጭ ይሰጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሊቲየም መለበጥ ሕጉን ስለሚገለብጠው ነው፤ እሱ የሚብሰው በብርድ ነው። በሙቀት ብቻ የተፈተነ ባትሪ ስለ ክረምት ሙሌት ምንም አልተጠየቀም።

የዳን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው ጥናት እንዲህ ያለው ሥራ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ሴሎቹ በግራፋይት እና በነጠላ ክሪስታል ቅንጣቶች ከተሠራ የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ካቶድ የተገጠሙ ነበሩ። በ20፣ በ40 እና በ55 ዲግሪ በምልልስም በመቀመጥም ተፈትነዋል፤ አንዳንዱ ሙከራ እስከ ሦስት ዓመት ዘልቋል። አጥኚዎቹ እንዲህ ዓይነቱ ሴል መኪናን ከ1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬድ እንደሚችል ደምድመዋል። ዜናው የያዘው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ነው። እኔን የበለጠ የሚያስደስተኝ ግን የሴሉን አሠራር በዝርዝር ገልጸው፣ ሌሎች አዲስ ቁስ ሲያቀርቡ ከዚህ ጋር ያወዳድሩ ብለው መለኪያ አድርገው ማቅረባቸው ነው።

ሲሊከን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ጥሩ ማሳያ ነው። በክፍል ሙቀት በግራም 3579 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ ከግራፋይት ዘጠኝ እጥፍ በላይ ይይዛል። ሲሞላ ግን መጠኑ ወደ 300 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ግራፋይት የሚያብጠው 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቅንጣቱ ባበጠና በሟሸሸ ቁጥር ልባሱ ይቀደዳል፣ አዲስ ገጽ ይጋለጣል፣ ሊቲየም ይበላል። በግማሽ ሴል፣ በስስ ቅብና በተትረፈረፈ ኤሌክትሮላይት ሲፈተን ይህ ሁሉ ይሸፈናል፤ ለገበያ በሚሠራ ሴል ውስጥ ግን ቅቡ ወፍራም፣ ኤሌክትሮላይቱም የተመጠነ ስለሆነ ሽፋኑ ይገፈፋል።

አቅም መቀነሱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለምን እንደቀነሰ ማወቅ ሌላ። አንዱ መንገድ ሴሉን በጣም ቀስ ብሎ፣ ለምሳሌ በ20 ሰዓት፣ እያራገፉ ቮልቴጁ በእያንዳንዷ ጥቂት ቻርጅ ምን ያህል እንደሚወርድ ማየት ነው። ግራፋይት ሊቲየምን የሚቀበለው በደረጃ ስለሆነ በዚህ ግራፍ ላይ የራሱ የሆኑ ጉብታዎች አሉት፤ ካቶዱም እንዲሁ። የሁለቱ ጉብታዎች አንዱ ከሌላው አንጻር ከተንሸራተቱ የጠፋው ሊቲየም ነው። የግራፋይቱ ጉብታዎች እርስ በርስ ከተቀራረቡ ደግሞ ግራፋይቱ ራሱ ከሥራ ወጥቷል። ሴሉ ሳይከፈት ይህን ያህል መናገሩ ድንቅ ነው። ሌላው መንገድ ጥቃቅን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ከፈጣን እስከ ዘገምተኛ ድግግሞሽ እየላኩ የሴሉን ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ከረንት ያለውን ተቃውሞ፣ መለካት ነው፤ በፈጣኑ ጫፍ የኤሌክትሮላይቱና የግንኙነቶቹ ሬዚስታንስ፣ በመሀል የገጽ ምላሾች፣ በዘገምተኛው ጫፍ የአዮኖቹ ጉዞ ይለያል። የትኛው ኤሌክትሮድ ጥፋተኛ እንደሆነ በእርግጠኝነት ለመናገር ግን የሁለቱን ቮልቴጅ ለየብቻ ለመለካት የሚያስችል ሦስተኛ፣ የማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ሴሉ ተራግፎ በአርጎን ውስጥ ይከፈታል፤ የተለበጠ ሊቲየም እንደ ብርማ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ግራፋይቱ ላይ ይታያል፣ የተሰነጠቁ ቅንጣቶች ደግሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ።

ዕድሜን አስቀድሞ የመተንበዩ ሥራም ተስፋ ይሰጣል። የኤምአይቲ፣ የስታንፎርድና የቶዮታ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት 124 ተመሳሳይ የሊቲየም አይረን ፎስፌትና ግራፋይት ሴሎችን በተለያየ የፈጣን ሙሌት ስልት አመላልሰዋል። ዕድሜያቸው ከ150 እስከ 2300 ዙር ተለያየ። አብዛኞቹ በ100ኛው ዙር ላይ አቅማቸው ከመነሻው ቢበልጥ እንጂ አላነሰም ነበር፤ የአቅም ግራፉን ብቻ ያየ ሰው ቶሎ የሚሞተውን ከሚቆየው አይለይም። የማራገፊያ ቮልቴጁ ቅርጽ በ10ኛውና በ100ኛው ዙር መካከል ምን ያህል እንደተለወጠ ሲታይ ግን ዕድሜው ወደ 9 በመቶ በሚጠጋ ስህተት ሊተነበይ ቻለ። ሴሎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ዕድሜያቸው ከአሥር እጥፍ በላይ መራራቁ፣ «ይህ ባትሪ ይህን ያህል ዙር ይቆያል» የሚለው አነጋገር ያለ ሁኔታው ትርጉም እንደሌለው ያሳያል።

ይህ ሁሉ ከመኪና የወጡ ባትሪዎችን ለሁለተኛ አገልግሎት ለማዋል ሲታሰብ ይበልጥ ይከብዳል። ሁለት ባትሪዎች ሁለቱም 80 በመቶ አቅም አላቸው እንበል። አንዱ ለዓመታት በእርጋታ ልባሱ እየወፈረ እዚህ የደረሰ ነው፤ ገና ብዙ ሊያገለግል ይችላል። ሌላው በብርድ በፈጣን ሙሌት ሊቲየም የተለበጠበት ነው፤ አቅሙ ድንገት ሊያሽቆለቁል፣ ከዚያም አልፎ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። በፓስፖርቱ ላይ የሚሰፍረው የጤንነት መቶኛ ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለያቸው ሙሌቱ ያለፈበት የሙቀትና የፍጥነት ታሪክ፣ አለዚያም ከመሸጡ በፊት የሚደረግ ዝግተኛ የማራገፍ ሙከራ ነው። 20 ሰዓት የሚፈጅ ሙከራ በየባትሪው ላይ ማካሄድ ውድ ነው። ያገለገለ ባትሪ የሚገዛ ሰው ግን በቤቱ የሚያስቀምጠው የትኛውን እንደሆነ የማወቅ መብት ስላለው፣ ወጪውን ሻጩ ሊሸከመው ይገባል ባይ ነኝ።